ዋትሰን ሲባል የትኛው ዋትሰን?

የዘር መረጃ የሚይዘውን የዲኤንኤን ቅርጽ ካገኙት ሳይንቲስቶች አንዱ የሆነው ጄምስ ዋትሰን በኖቬምበር 2025 በ97 ዓመቱ አረፈ። ስሙ ለብዙ ሰው አዲስ አይደለም። ከየት እንደሚያውቀው ሲጠየቅ ግን ሁሉም የየራሱን ይናገራል። አንዱ የመርማሪው የሸርሎክ ሆልምስ ጓደኛ ይመስለዋል። ሌላው አይቢኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራውን ኮምፒዩተር ያስታውሳል። ሌላው ደግሞ ሃሪ ፖተር ላይ የተወነችው ልጅ አባት ይሆን እንዴ ብሎ ያስባል።

አይደለም። እነዚህ ዋትሰኖች እርስ በርስ የሚያገናኛቸው ነገር የለም። እንግዲህ ማን ማን እንደሆነ፣ ስሙም ለምን እንዲህ እንደበዛ እንይ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ ከየት መጣ?

ነገሩ የሚጀምረው ዋልተር ከሚለው ስም ነው። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ሲወርሩ ይዘዋቸው ከመጡት ስሞች አንዱ ነው። እንግሊዞች ያኔ «ል»ን ዋጥ አድርገው «ዋተር» ይሉት ነበር። ሲያቆላምጡት «ዋት» ሆነ። «ሰን» ደግሞ ልጅ ማለት ነው። ዋትሰን ማለት የዋት ልጅ ማለት ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

በዚያ ዘመን ተራው ሰው አንድ ስም ብቻ ነበረው። አንድ መንደር ውስጥ አምስት ጆን ቢኖር መለያ ያስፈልጋል። ስለዚህ አንዱ የዋት ልጅ ጆን፣ ሌላው አንጥረኛው ጆን፣ ሌላው ኮረብታው ጋ ያለው ጆን፣ ሌላው አጭሩ ጆን ይባላሉ። ዛሬ ዋትሰን፣ ስሚዝ፣ ሂል እና ሾርት የሚባሉት የቤተሰብ ስሞች የተወለዱት እንዲህ ነው። አብዛኛው የእንግሊዝ የቤተሰብ ስም ከእነዚህ ከአራቱ አይወጣም፤ ከአባት፣ ከሙያ፣ ከቦታ ወይም ከቅጽል ስም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ዋት ታይለር ነው። በ1381 የእንግሊዝ ገበሬዎች የነፍስ ወከፍ ግብር አንገሽግሿቸው ሲያምፁ መሪያቸው እሱ ነበር። «ዋት» የዋልተር ቁልምጫ ነው። «ታይለር» ደግሞ ቤት በሸክላ የሚከድን ባለሙያ ነው። ንጉሡ ሪቻርድ ሁለተኛ ባሉበት ለንደን ውስጥ ተገደለ። ታይለር ዛሬ የብዙ ሰው ስም ነው። አንዳቸውም ጣሪያ አይከድኑም ባይባልም፣ ለስሙ ብለው የሚከድኑ ግን የሉም።

ስሙ እንዲጸና ያደረጉት በአብዛኛው መሬትና ግብር ናቸው። ርስት ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ፣ ግብር ሰብሳቢም በየዓመቱ መዝገብ ሲያገላብጥ፣ ስሙ ባይቀየር ለሁሉም ይመቻል። ስለዚህ ከ14ኛውና ከ15ኛው መቶ ዓመት ወዲህ «የዋት ልጅ» የሚለው መጠሪያ ለልጅ ልጅም ተላለፈ። አባቱ ዋት ያልሆነ ሰው ዋትሰን ተባለ። አያቱም፣ ቅድመ አያቱም ዋት ያልሆነ ሰው ዋትሰን ሆኖ ቀረ።

ከዚያው ከዋት ዋትስ እና ዋትኪንስም ወጥተዋል። ከሁሉም የሚገርመው ግን ሮበርት ዋትሰን ዋት የተባለው ስኮትላንዳዊ ነው። በ1935 አውሮፕላን በሬዲዮ ሞገድ ከሩቅ ሊታይ እንደሚችል በሙከራ ያሳየ፣ ለእንግሊዝ የራዳር ሥርዓት መሠረት የጣለ ሰው ነው። ስሙን ብትፈቱት የዋት ልጅ ዋት ይሆናል። አባትም ልጅም እዚያው ተቀምጠዋል።

ታዲያ ከእኛ የአባት ስም በምን ይለያል?

አጀማመሩ ከእኛው ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ የእኛ በየትውልዱ መቀየሩ፣ የእነሱ ግን ባለበት መቆሙ ነው።

ሯጮቻችንን እንውሰድ። ጥሩነሽ ዲባባ፣ ገንዘቤ ዲባባ እና እጅጋየሁ ዲባባ እህትማማቾች ናቸው። በ2015 በቤጂንግ የዓለም ሻምፒዮና ማራቶን ያሸነፈችው ማሬ ዲባባ ግን ዘመዳቸው አይደለችም፤ የእሷም አባት ዲባባ ስለሚባሉ ነው። ደራርቱ ቱሉ በበኩሏ የእነጥሩነሽ የቅርብ ዘመድ ናት። ስሟ ላይ ግን ምንም ምልክት የለም። የውጭ የስፖርት ጋዜጠኛ ይህን ሲያይ ግራ ይገባዋል። ዘመድ ያልሆነችው አንድ ስም አላት፣ ዘመድ የሆነችው ሌላ ስም አላት።

በእኛ አገር ሁለተኛው ስም የሚነግረን የአንድ ትውልድ ነገር ብቻ ነው፤ አባትህ ማን እንደሆነ። በእንግሊዝ ደግሞ ሁለተኛው ስም ስድስትና ሰባት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ይመልሳል። ግን ወደ የትኛው ዋት እንደሚመልስ አይናገርም። በ14ኛው መቶ ዓመት ዋት የሚባል ሰው በየመንደሩ ነበርና።

ሁሉም ዋትሰኖች የአንድ ዋት ዘር ናቸው?

ይህን ጥያቄ ለመመለስ የረዳን አንዱ ዋትሰን ራሱ ካገኘው ነገር የተነሣ እውቀት ነው።

ጄምስ ዋትሰን የተወለደው በ1928 በቺካጎ ነው። በ1953 ከፍራንሲስ ክሪክ ጋር ሆኖ በካምብሪጅ የዲኤንኤ ቅርጽ እንደተጠማዘዘ መሰላል መሆኑን አሳወቀ። ሥራው ሳይንቲስቷ ሮዛሊንድ ፍራንክሊን በኤክስሬይ ባገኘችው መረጃ ላይ በእጅጉ የተደገፈ ነበር። በ1962 ክሪክ፣ ዋትሰን እና ሞሪስ ዊልኪንስ የኖቤል ሽልማት ሲወስዱ እሷ ከሞተች አራት ዓመት አልፏታል። ይህ ጉዳይ እስከ ዛሬ ያከራክራል። በኋላ ደግሞ ዋትሰን ስለ ዘርና ስለ ማሰብ ችሎታ በተናገራቸው ነገሮች ስሙ ጎደፈ። ዕድሜውን ያሳለፈበት የምርምር ተቋም በ2019 የክብር ማዕረጎቹን ገፈፈው።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ወንዶች ዋይ የሚባል ክሮሞሶም፣ ማለትም የዲኤንኤ ጥቅል፣ አላቸው። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ነው የሚያልፈው፤ ልክ እንደ እንግሊዝ የቤተሰብ ስም። ስለዚህ አንድ ስም ያላቸው ወንዶች ከአንድ አባት የወረዱ ከሆነ ዋይ ክሮሞሶማቸው መመሳሰል አለበት። በእንግሊዝ የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ፈትሸው ነበር። ውጤቱ ግልጽ ነው። ስሙ ብርቅ ከሆነ፣ ባለ ስሞቹ የሩቅ ዘመዳሞች የመሆን ዕድላቸው ከፍ ይላል። ስሙ እንደ ስሚዝ በየቦታው የሚገኝ ከሆነ ግን፣ ሁለት ስሚዞች ከማናቸውም ሁለት እንግሊዛውያን የበለጠ አይዛመዱም። አንጥረኛ በየመንደሩ ነበራ።

ዋትሰንም በየቦታው ከሚገኙት ስሞች ወገን ነው። በሰሜን እንግሊዝና በስኮትላንድ በብዙ ቦታ፣ በየራሱ ጊዜ የተነሣ ስም ነው። ስለዚህ ሁለት ዋትሰኖች ስላገኛችሁ ዘመዳሞች ናቸው ብላችሁ አትነሡ።

ደግሞ ስሙ በዘር ብቻ አልተስፋፋም። በአሜሪካና በካሪቢያን ብዙ ጥቁሮች የእንግሊዝ ስም የያዙት በባርነት ዘመን ከአሳዳሪዎቻቸው ወርሰው ወይም ነጻ ሲወጡ ራሳቸው መርጠው ነው። በ1996 የኒውዮርክ ያንኪስ የቤዝቦል ቡድን ዋንጫ ሲወስድ ሥራ አስኪያጁ ቦብ ዋትሰን ነበር። በዚያ ኃላፊነት ላይ ሆኖ ዋንጫውን ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ስሙን ብቻ ያየ ሰው ይህን ሁሉ ታሪክ አያነብበትም።

የሸርሎክ ሆልምሱ ዶክተር ዋትሰን በእውነት የነበረ ሰው ነው?

አይደለም። አርተር ኮናን ዶይል የፈጠረው የልብ ወለድ ሰው ነው። አንባቢ ፊት የቀረበው በ1887 ነው። የሚገርመው በመጀመሪያው ረቂቅ ማስታወሻ ላይ ስሙ ዋትሰን አልነበረም። ደራሲው ኦርመንድ ሳከር ብሎት ነበር። ኦርመንድ ሳከር! እንዲህ ያለ ስም ይዞ ከሆልምስ ጎን ቢቆም ኖሮ አንባቢው ዓይኑን ከማን ላይ እንደሚያሳርፍ እንጃ። ጆን ዋትሰን ሲሆን ግን ነገሩ ተስተካከለ። ጎረቤት የሚመስል፣ የማያጠራጥር፣ ተራ ስም ነው። ከስድሳዎቹ የሆልምስ ታሪኮች 56ቱን የሚተርክልን እሱ ነው። የሚተርክ ሰው ደግሞ መታመን አለበት። እኔ እንደማስበው ስሙ ግማሹን ሥራ ሠርቷል።

ዶክተሩ በአፍጋኒስታን ጦርነት ላይ ቆስሎ የመጣ የጦር ሐኪም ነው። የት ላይ ቆሰለ ብትሉ፣ በመጀመሪያው ታሪክ ትከሻው ላይ፣ በሁለተኛው እግሩ ላይ። ዶይል ረስቶት ነው። የባሰው ግን በ1891 በወጣ አንድ ታሪክ ውስጥ ነው። የገዛ ሚስቱ ጆን ማለት ትታ «ጄምስ» ብላ ትጠራዋለች። አንባቢዎች ይህን ስሕተት ለማቃናት ከመቶ ዓመት በላይ ሲደክሙ ኖረዋል። ጆን ኤች ዋትሰን ሲባል ያለችው «ኤች» ሃሚሽ ናት፣ ሃሚሽ ደግሞ በስኮትላንድ ጄምስ ማለት ነው ያሉም አሉ። ብልሃቱ ይደነቃል። ዶይል ግን ስሕተቱን የሠራው በችኮላ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ሌላ ነገር። «ቀላል እኮ ነው፣ ውድ ዋትሰን» የምትለው የሆልምስ ንግግር በዶይል ጽሑፎች ውስጥ እንደዚያ ሆና የትም የለችም። በኋላ በመድረክና በፊልም የታወቀች ናት።

ኮምፒዩተሩ የተሰየመው በዚህ ዶክተር ነው?

በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። መልሱ አይደለም ነው።

ኮምፒዩተሩ የተሰየመው በቶማስ ጄ ዋትሰን ነው። ይህ ሰው በ1874 በኒውዮርክ ግዛት ተወለደ። በ1914 ሚዛን፣ የሰዓት መቆጣጠሪያና በካርድ የሚቆጥር ማሽን የሚሸጥ አንድ ኩባንያ ተረከበ። በ1924 ስሙን አይቢኤም አለው። «አስብ» የምትል አንዲት ቃል ጽፎ በየቢሮው ያሰቅል ነበር። በ1956 ሥልጣኑን ለልጁ አስረክቦ በዚያው ዓመት ሞተ። ልጁም ቶማስ ዋትሰን ነው የሚባለው፤ ኩባንያውን በትልልቅ ኮምፒዩተሮች ዘመን የመራው፣ በኋላም በሶቭየት ኅብረት የአሜሪካ አምባሳደር የሆነው። «ለዓለም አምስት ኮምፒዩተር ቢበዛ ይበቃል» የሚለው አባባል በአባትየው ስም ይጠቀሳል። እንዲህ ስለማለቱ ግን ማስረጃ አልተገኘም።

አይቢኤም በ2011 ጥያቄ የሚመልስ ኮምፒዩተር ሠርቶ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ጄፐርዲ በሚባል የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ አቀረበ። ተፎካካሪዎቹ ኬን ጄኒንግስ እና ብራድ ረተር የተባሉ፣ በውድድሩ ታሪክ የገነኑ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ኮምፒዩተሩ ከኢንተርኔት ጋር አልተገናኘም። የሚያውቀውን ሁሉ አስቀድሞ በሆዱ ይዟል። ሲያልቅ ዋትሰን 77,147 ዶላር፣ ጄኒንግስ 24,000፣ ረተር 21,600 አስመዘገቡ። የአንድ ሚሊዮን ዶላሩ ሽልማት የኮምፒዩተሩ ሆነ። አይቢኤም ለበጎ አድራጎት ሰጠው።

ቢሆንም አንድ ቦታ ላይ ጉድ ሆኗል። ጥያቄው የአሜሪካ ከተማ ነበር። ትልቁ አውሮፕላን ማረፊያዋ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀግና፣ ሁለተኛው ደግሞ በዚያው ጦርነት በተደረገ ውጊያ የተሰየመ ከተማ ማን ናት? ዋትሰን «ቶሮንቶ» አለ። ቶሮንቶ ካናዳ ናት። ከመልሱ ኋላ ራሱ አምስት የጥያቄ ምልክት ደርድሮ ነበርና እርግጠኛ እንዳልነበር ያስታውቃል። ትክክለኛው መልስ ቺካጎ ነው። ትልቁ አውሮፕላን ማረፊያ ኦሄር የሚባለው በፓይለቱ በኤድዋርድ ኦሄር ነው፤ ይህም የቤተሰብ ስም። እንግዲህ ኮምፒዩተሩ የሳተው የሳይንቲስቱን የጄምስ ዋትሰንን የትውልድ ከተማ ነው።

ሰው ኮምፒዩተሩንና ዶክተሩን የሚያምታታው ያለ ምክንያት አይደለም። ውድድሩ ካለቀ በኋላ አይቢኤም ኮምፒዩተሩን ለሕክምና ሥራ ሊያሰማራው ተነሣ። ዋትሰን ሆስፒታል ገባ ሲባል ማን ዶክተሩን አያስብም? የሕክምናው ነገር እንደታሰበው አልሆነም። ኩባንያው በ2022 የጤና መረጃውን ዘርፍ ሸጠ።

በስልኩ ታሪክ ውስጥ ያለውስ ዋትሰን?

እሱ ቶማስ ኤ ዋትሰን ነው። ከአይቢኤሙ ቶማስ የሚለየው በመሃል ያለችው ፊደል ናት። በቦስተን የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሠራ የ22 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ማርች 10 ቀን 1876 አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በሽቦ ድምፁን ላከለት። «ሚስተር ዋትሰን፣ ወደዚህ ና፣ ላገኝህ እፈልጋለሁ» አለው። በስልክ የተላለፈ የመጀመሪያው ለመረዳት የሚቻል ንግግር ይህ ነው። ቤል ልብሱ ላይ አሲድ ፈስሶበት ስለነበር ነው የጠራው የሚባለው ግን ዋትሰን ከብዙ ዓመት በኋላ ያወራው ነው። ቤል ራሱ በዕለቱ ማስታወሻ ስለ አሲድ አልጻፈም።

በ1915 አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር የሚያገናኘው የስልክ መስመር ሲመረቅ ቤል ኒውዮርክ፣ ዋትሰን ሳን ፍራንሲስኮ ሆኑ። ቤል ያችኑ ዓረፍተ ነገር ደገመ። ዋትሰንም አሁን ለመምጣት አንድ ሳምንት ይፈጅብኛል አለ። ይህ ሰው ከስልክ ሥራ ከወጣ በኋላ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። መርከብ መሥሪያ አቋቋመ። የጦር መርከብ ሠራ። ጂኦሎጂ ተማረ። እንግሊዝ ሄዶ ከተዋንያን ቡድን ጋር በመድረክ ተጫወተ።

የቀሩትስ?

በፍጥነት እንለፋቸው። ጆን ቢ ዋትሰን አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ነበር። ሰውን ለማጥናት የሚታይ ባሕርይውን መመልከት ይበቃል የሚለውን ትምህርት የመራው እሱ ነው። በ1920 ገና ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ነጭ አይጥ ባየ ቁጥር ከኋላው ብረት እየቀጠቀጠ አስደነገጠው። ሕፃኑ ውሎ አድሮ አይጧን ፈራ። ዛሬ እንዲህ ያለ ሙከራ ማንም አይፈቅድም። በዚያው ዓመት ከተማሪው ጋር በነበረው ግንኙነት ከዩኒቨርሲቲ ተባረረ፤ ማስታወቂያ ሥራ ገባና ሀብታም ሆነ።

ኤማ ዋትሰን በ1990 በፓሪስ የተወለደች እንግሊዛዊት ተዋናይ ናት። ሃሪ ፖተር ላይ ሄርማይኒን ሆና ሠርታለች። ኤሚሊ ዋትሰንም እንግሊዛዊት ተዋናይ ናት፤ በዕድሜ ትበልጣታለች። ዘመዳሞች አይደሉም። ሜሪ ጄን ዋትሰን የስፓይደርማን ፍቅረኛ ናት፤ በካርቱን መጽሔቱ ላይ ስሟ ለረጅም ጊዜ ሲነሣ ቆይቶ ፊቷ የታየው በ1966 ነው። ካናዳዊው ፖል ዋትሰን ዓሣ ነባሪ አዳኞችን በመርከብ የሚያሳድድ ነው። በ2024 በጃፓን ጥያቄ ግሪንላንድ ላይ ታስሮ ከወራት በኋላ ተፈታ። ቶም ዋትሰን ሲባል ደግሞ ሁለት አለ። አንዱ ጎልፍ ተጫዋች፣ ሌላው የእንግሊዝ ሌበር ፓርቲ ምክትል መሪ የነበረ ፖለቲከኛ።

እኛስ ውጭ አገር ስንሄድ?

በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ኢትዮጵያውያን ቅጽ ሲሞሉ የቤተሰብ ስም የሚል ሳጥን ይገጥማቸዋል። የአባታቸውን ስም ይጽፋሉ፤ አንዳንዱ የአያቱን። ባልና ሚስት የተለያየ ስም ይይዛሉ። ይህ በእኛ ዘንድ ምንም አይደለም። ኤርፖርት ላይ ግን እናት ከልጇ ጋር ስሟ ሳይገጥም ስትቀር ጥያቄ ያስነሣል።

ልጅ ሲወለድ ወላጆች ሁለት ምርጫ አላቸው። ተስፋዬ በቀለ የሚባል ሰው አሜሪካ ውስጥ ልጅ ወለደ እንበል። እንደ አገሩ ልማድ ከሆነ የልጁ ሁለተኛ ስም ተስፋዬ ይሆናል። እንደ አሜሪካ ልማድ ከሆነ ደግሞ በቀለ ይሆናል፤ ቀጥሎም የልጅ ልጁ፣ የልጅ ልጅ ልጁም በቀለ ይሆናሉ። ብዙዎች ለትምህርት ቤቱም ለሆስፒታሉም ይቀላል ብለው ሁለተኛውን ይመርጣሉ። የዋት ልጅም በ14ኛው መቶ ዓመት ዋትሰን ሆኖ የቀረው በዚሁ መንገድ ነው። ሌላው በቀለ ደግሞ ዳላስ ወይም ስቶክሆልም ውስጥ የራሱን ይጀምራል። የሁለቱ በቀለዎች የልጅ ልጆች አንድ ቀን አንድ ክፍል ውስጥ ቢገናኙ፣ አስተማሪያቸው «ዘመዳሞች ናችሁ?» ማለቱ አይቀርም።